የሮቢት ማሽላ ገለፈትና የረቂቅ ማዕድን ጥበብ

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ስለ ከበረ ማዕድን ብቻ አይደለም። ሰው በደጁ የበቀለውን ቅጠል፥ ከአውድማው የተረፈውን ገለባ፥ ከአያቱ የወረሰውን ዕውቀት ከመልመዱ የተነሣ ሳይመረምረው ይኖራል። ሌላው ከሩቅ አገር ተነሥቶ በመረመረው ጊዜ ግን ዋጋው ይገለጣል፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ይጸጸታል። ይህ ተረት ዛሬ መታሰብ የሚገባው ስለ አንድ ዐዲስ የኬሚስትሪ ጥበብ ነው። ይኸውም በዕፅዋት ጭማቂ ብርንና መዳብን፥ ዚንክንና ብረትን በዐይን ወደማይታይ ረቂቅ ቅንጣት የመለወጥ ጥበብ ነው። ነገሩ የሩቅ ሊቃውንት ጕዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው፥ የራያን ቈላ ይልቁንም የሮቢትን አካባቢ በምሳሌነት ማየት ይበቃዋል።

ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዐቢይ መንገድ ላይ ከጐብዬ ቀጥላ የምትገኝ የቈላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግንብ ቆሞላታል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይጋርዳታል፤ በመካከል የተዘረጋውም ሜዳ ከደጋው በጐርፍ እየታጠበ በወረደ አፈር የወፈረ ነው። ዝናሙ ግን አይታመንም። ስለዚህ የአገሩ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጐርፍ በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው የማግባትን ብልኀት ከቀድሞ ጀምሮ ያውቃል፤ በኋለኛው ዘመንም በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ከከርሠ ምድር ውኃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ሊመረት ችሏል። ከኹሉ በላይ ግን የዚህ ቈላ እንጀራ ማሽላ ነው። ደጋሊት፥ ጅጉርቴ እያለ በስም ለይቶ የሚዘራው ገበሬ ፍሬውን ለምግብ፥ አገዳውን ለከብት መኖ፥ ለማገዶና ለቤት ሥራ ያውለዋል። ከፍሬው ተፈትጎ የሚወጣውን ገለፈት ግን እንደ ሀብት የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ጥበብ ነገር እንዲገባ አስቀድሞ ስሙን መተርጐም ያሻል። ናኖ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲኾን ድንክ ማለት ነው። አንድ ሜትር ለ1,000,000,000 እኩል ቢከፈል ከክፍሎቹ አንዱ ናኖ ሜትር ይባላል፤ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚደርስ ቅንጣትም ናኖ ቅንጣት ተብሎ ይጠራል። የአንዲት የራስ ጠጕር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖ ሜትር ያህል መኾኑን ያሰበ ሰው የቅንጣቱን ርቀት ይረዳዋል። ማዕድን እስከዚህ ድረስ ሲረቅ ጠባዩ ይለወጣል። ወርቅ ብጫነቱን ትቶ በውኃ ውስጥ እንደ ወይን ጠጅ ይቀላል፤ ብርም ነጭነቱን ትቶ ብጫ ይኾናል። ይህን የወርቅ መቅላት እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1857 ዓ.ም. መርምሮ ምክንያቱ የወርቁ መርቀቅ መኾኑን አስረድቷል። ደግሞም አንድ አሞሌ ጨው ሲደቅ ከድፍኑ ይልቅ ፈጥኖ በውኃ እንደሚሟሟ፥ ማዕድንም ሲረቅ ከሌላው ነገር ጋር የሚገናኝበት ገጽ እጅግ ይበዛል፤ ስለዚህም ሥራው ይበረታል፥ ይፈጥናልም።

ቅንጣቱን ለማውጣት በቤተ ሙከራ የተለመደው አንዱ መንገድ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድን በመሰለ ብርቱ ኬሚካል መሥራት ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። ይህ ኬሚካል ግን መርዛም ነው፤ አያያዙም ጥንቃቄን ይፈልጋል። ዐዲሱ መንገድ የኬሚካሉን ሥራ ለቅጠል ይሰጠዋል። ቅጠሉ ይታጠባል፤ በጥላ ደርቆ ይወቀጣል፤ በንጹሕ ውኃ ይፈላና ይጣራል። ጭማቂው ሲልቨር ናይትሬት ከሚባለው የብር ጨው ጋር በውኃ ሲደባለቅ መልኩ ወደ ብጫ፥ ከብጫም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ብሩ ወደ ናኖ ቅንጣት ለመለወጡ የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፌኖልና ፍላቮኖይድ የተባሉት ነገሮች ለተሟሟው ብር ኤሌክትሮን ይሰጡታል፤ እርሱም ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ ብርነቱ ይመለሳል። ከዚያም ያው የቅጠሉ ፍሬ ነገር ቅንጣቶቹን እየከበበ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ያደርጋቸዋል።

ይህ የኋለኛው ነገር ብራና ጽፎ ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይደለም። የቀለም አዋቂ ጥላሸትን ከተቈላ እህልና ከቅጠል ጋር ለብዙ ጊዜ እያሸ ሲያበስለው ኖሯል። ጥላሸቱ በውኃው ውስጥ ተንሳፎ እንዲቈይና ብዕሩን ተከትሎ እኩል እንዲፈስስ የሚያደርገው ከዕፅዋት የተገኘው ማያያዣ ነው። የብራና ጸሓፊ ናኖ የሚለውን ስም አልሰማም፤ ነገር ግን ረቂቅ ትቢያን በዕፅዋት ይዞ የማቈየትን ብልኀት በእጁ ያውቀው ነበር። ዕውቀት በድንገት ከሰማይ የማይወርድ፥ ከቀድሞው ላይ የሚቀጥል መኾኑን ይህ ያስረዳል።

የዕፅዋቱ መንገድ በዓለም ላይ የታወቀበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 እና በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የቴክሳስ ተመራማሪዎች አልፋልፋ የተባለው የከብት ሣር ወርቅንና ብርን ወደ ናኖ ቅንጣት እንደሚለውጥ ገለጹ። በ2004 ዓ.ም. የሕንድ ተመራማሪዎች ኒም በተባለው ዛፍ ቅጠል ያንኑ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ በየተክሉ የተሠራው ሥራ እጅግ በዝቷል። ኢትዮጵያም ከዚህ ወደ ኋላ አልቀረችም። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ መምህራን በ2020 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ በኮሶ ቅጠል የመዳብ ናኖ ቅንጣት አውጥተው በጀርሞች ላይ ፈትነውታል፤ በዚያው ዓመት በኮሰረት ቅጠል የተሠራው የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት እንደዚሁ ተፈትኖ ለዓለም ተገልጧል። ኮሶ ለትል መድኃኒት ኾኖ ባለፈው መቶ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገብ ገብቶ የነበረ ነው፤ ኮሰረትም ከየቤቱ ቅቤ የማይለይ ነው። ሊቃውንቱ ከባዕድ ተክል ይልቅ ከእናት ጓዳ መጀመራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ለሮቢት ሰው ግን ከዚህ ኹሉ ይልቅ የሚቀርበው አንድ ሌላ ሥራ አለ። በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማሽላን ገለፈት በውኃ ዘፍዝፈው ባገኙት ጭማቂ የብርና የብረት ናኖ ቅንጣት አወጡ። ሙቀትም አላስፈለጋቸውም፤ ሥራው በክፍሉ አየር ተፈጸመ። የብረቱ ቅንጣት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ኾኖ በውኃ ውስጥ የተሟሟን ቀለም እንደሚሰባብር በሙከራ አሳዩ። ገለፈቱ ለዚህ የበቃው ፌኖል የተባለው ነገር በብዛት ስለሚገኝበት ነው። እንግዲህ በራያ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የሚበተነው ነገር በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ብረትን አርቅቆ የቈሸሸ ውኃን ማጥሪያ ኾኖ ተገኘ ማለት ነው። ብረት ደግሞ ከብር ይልቅ ርካሽና በየስፍራው የሚገኝ ማዕድን ነው። ከዚያው ከወሎ ሳይወጣ በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅና የሌሎች ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ቦርከና ገባሮች እንደሚወርድ ሲታሰብ፥ ይህ ምርምር ለማን እንደሚጠቅም ለማወቅ ብዙ መድከም አያሻም።

ኹለተኛው ነገር የቅንጬ አረም ጕዳይ ነው። ይህ ከአሜሪካ ምድር የመጣ አረም የራያን እርሻና ግጦሽ እንደ ወረረ ገበሬው ያውቀዋል። ከብት ቢበላው ወተቱ ይመርራል፤ ሰው ሲነካው ቈዳው ይቈጣል፤ ደረቱም የሚታመም አለ። በ2013 ዓ.ም. የሕንድ ተመራማሪዎች በዚሁ አረም ቅጠል የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት አውጥተው ፉሳሪየምን በመሰሉ ተክልን በሚያደርቁ ሻጋታዎች ላይ ፈትነውታል፤ ቅንጣቱ ባነሰ መጠን ኀይሉ እንደሚበረታም ተመልክተዋል። ፉሳሪየም ሽንኩርትንና ቲማቲምን የሚያጠቃ ወገን ነው። ጠላት የኾነው አረም ለመስኖ አትክልት ጠባቂ ሊኾን ይችል ይኾን? ጥያቄው ሊመረመር የሚገባው ነው፤ መልሱ ግን ገና በማሳ ላይ አልተገኘም።

ገና የሚለው ቃል እዚህ ላይ በብርቱ ሊሰመርበት ይገባል። አንድ ቅንጣት በብርጭቆ ሳሕን ላይ ጀርምን ገደለ ማለት በሽተኛን አዳነ ማለት አይደለም። ሳሕኑ ላይ ጕበትና ኵላሊት፥ ልጅና ነፍሰ ጡር የሉም። ጀርሙን የሚገድለው ብር ወደ ወንዝ ቢፈስስ ዓሣውንና በውኃው የሚኖረውን ሌላውን ነፍስ ሊጐዳ ይችላል፤ በአፈር ውስጥ ለእርሻ የሚጠቅሙትንም ጥቃቅን ፍጥረቶች አይመርጥም። አረንጓዴ የሚለው የጥበቡ ስም ማንንም ሊያታልለው አይገባም። ቅጠሉ ከደጅ ቢገኝም የብሩ ጨው ግን ከማዕድን የወጣና በገንዘብ የሚገዛ፥ ቈዳን የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ከዚህም ሌላ ቅጠል እንደ ፋብሪካ ዕቃ ኹልጊዜ አንድ ዐይነት አይደለም። በክረምት የተቀጠፈውና በበጋ የተቀጠፈው፥ በሮቢት ሜዳ የበቀለውና በደጋው ጥግ የበቀለው የተለያየ ፍሬ ነገር ይኖረዋል፤ ስለዚህም የሚወጣው ቅንጣት መጠኑም ኀይሉም ይለዋወጣል። ይህን ሳይለኩና ሳያመዛዝኑ የአንድ ቀን ውጤት ይዞ መፎከር ለዐዋቂ አይስማማውም። ይልቁንም በየገበያው የናኖ መድኃኒት ነው እያለ ቡናማ ውኃ በጠርሙስ የሚሸጥ አታላይ ቢነሣ፥ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሕዝቡን ሊጠብቅ፥ ሕዝቡም ራሱን ሊጠብቅ ይገባል።

የቤተ ሙከራ ሥራ እስከ ማሳ የሚፈጅበትን ጊዜ ለማወቅ የራያ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አቀንጭራ የተባለው አረም የማሽላን ሥር ተጣብቆ ሲመጠው፥ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኾነው ማሽላ ይህን ጠላት የሚቋቋምበትን ጠባይ ብዙ ዓመት መረመሩ። ከዚያ ሥራ ከተገኙት ዘሮች ኹለቱ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሲለቀቁ አንደኛው አብሽር፥ ኹለተኛው በሮቢት ጐረቤት ስም ጐብዬ ተባለ። ሊቁም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ያ ፍሬ የተገኘው በአንድ መጽሔት ላይ በታተመ አንድ ጽሑፍ ሳይኾን፥ ቤተ ሙከራው፥ የምርምር ጣቢያውና ገበሬው ለረጅም ዘመን ተባብረው በመሥራታቸው ነው። የናኖ ቅንጣት ምርምርም ከዚህ የተለየ አቋራጭ የለውም።

ከትዕግሥት ቀጥሎ የሚታሰበው የባለቤትነት ጕዳይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል አስረዱ። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ኋላ ግን እንዶድ በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጐል እንደሚገድል በታወቀ ጊዜ፥ የፈጠራው መብት የተመዘገበው በአሜሪካ በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። ጤፍም እንደዚሁ በአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እጅ ገብቶ የፈጠራ መብት ወጥቶበት ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን መብት እስኪሽረው ድረስ ኢትዮጵያ ብዙ ክርክር አይታበታለች። እንዶድንም ጤፍንም ለዓለም ያቈየው ገበሬውና ባለ ቤቷ ናቸው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ስማቸው አልተጻፈም።

ናኖ ቅንጣትም ለዚህ አደጋ የተመቸ ነው። ተክሉን መውሰድ አያስፈልግምና፤ አንድ ከረጢት ደረቅ ቅጠልና ከአንድ አዛውንት አፍ የተሰማ አንድ ቃል ይበቃል። ይህን ለመከላከል ሕግ አልጐደለም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 482/1998 የማኅበረሰቡን ፈቃድና የጥቅም ተካፋይነት ደንግጓል። የሚጐድለው ሕጉን የሚያውቅ ሰው ነው። የመድኃኒት ዐዋቂው፥ የማሽላ ዘር ጠባቂው ገበሬና የቀበሌው ሹም ይህን አዋጅ በሚገባቸው ቃል ሊሰሙት ያስፈልጋል። ተመራማሪውም ኢትዮጵያዊ ቢኾን ባዕድ፥ ቅጠሉን ከማን ደጅ እንደ ቀጠፈና ዕውቀቱን ከማን እንደ ሰማ በጽሑፉ ላይ ሊያመለክት፥ ተጠቅሞም እንደ ኾነ ሊያካፍል ግዴታው ነው።

መንግሥትና የትምህርት ቤቶች ሹማምንት ከዚህ በታች ያለውን ቢያስቡበት መልካም ይኾናል። ፊተኛው፥ የወልድያ ዩኒቨርሲቲና የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ጕዳይ እጅ ለእጅ ቢያያዙ ነው። ሲሪንቃ በቆቦ ማሽላን የሚፈትንበት ስፍራ አለው፤ የየዘሩን ገለፈት ለይቶ የትኛው ለዚህ ሥራ እንደሚሻል ለማወቅ ከእርሱ የሚቀርብ የለም። ዩኒቨርሲቲው ግን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወልድያ በደረሰ ጊዜ ንብረቱ ተዘርፎበታል፥ ተሰብሮበታልም። የተሰበረ ቤተ ሙከራ ሳይጠገን ተማሪውን ተመራመር ማለት በሬ የሌለውን ገበሬ እረስ እንደ ማለት ነው።

ኹለተኛው የመሣሪያ ነገር ነው። ቅንጣቱ በእውነት ናኖ መኾኑን የሚያስረዳው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ኤክስሬይ ዲፍራክሽን የተባለው መሣሪያ ነው፤ እነዚህም ብዙ ገንዘብ ይፈጃሉ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው ሊገዛቸው ከሚመኝ ይልቅ በየአውራጃው አንድ የጋራ ማዕከል ቢቆም፥ ብልሽትን የሚጠግን ባለ ሙያም አብሮ ቢሰለጥን ይሻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ናኖ ቴክኖሎጂን ከሥራው መስኮች አንዱ አድርጎ የያዘው የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይህን ቢያስተባብር ሥራው ይሠምራል።

ሦስተኛው፥ ምርምሩ ከጽሑፍ ወደ ሥራ እንዲሻገር አንድ ጥያቄ መርጦ መጨረስ ነው። በአንድ ዓመት ዐሥር ቅጠል ፈትኖ ዐሥር ጽሑፍ ከማውጣት ይልቅ፥ የማሽላ ገለፈትንና ብረትን ይዞ የአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ እስኪጠራ፥ ዋጋውም እስኪታወቅ፥ ጕዳቱም እስኪመዘን ድረስ መከታተል ለአገር ይበልጣል። በዚህም ጊዜ ለከብት መኖ የሚኾነውን መንጠቅ አይገባም፤ በቈላው ድርቅ ሲመጣ አገዳና ገለባ ነፍስ እንደሚያድን የሚያውቀው ያውቀዋል። የቅንጬ አረምም ቢሰበሰብ አበባ ሳያወጣና ዘሩ ሳይበተን፥ የሰብሳቢውም እጅና አፍንጫ ተሸፍኖ መኾን አለበት።

በመጨረሻም የሮቢትና የቆቦ ወጣቶች ሊታሰቡ ይገባል። ከዚህ ቈላ ስንቱ ጐበዝ ሥራ ፍለጋ በረሓውንና ባሕሩን አቋርጦ ወደ ዐረብ አገር እንደሚሄድ፥ በመንገድም ስንቱ እንደሚቀር ቤተ ሰቡ ያውቀዋል። ናኖ ቅንጣት ነገ ለእነርሱ እንጀራ ይኾናል ብሎ ተስፋ መስጠት ሐሰት ነው። ነገር ግን አንድ መምህር በትምህርት ቤት ሲልቨር ናይትሬቱን በራሱ እጅ በጥንቃቄ ይዞ፥ ተማሪዎቹ ከማሳ ባመጡት የማሽላ ገለፈት ጭማቂ ላይ ጨምሮ፥ ውኃው ወደ ቡናማ ሲለወጥ ቢያሳያቸው፥ ያ ልጅ ኬሚስትሪ የባዕድ መጽሐፍ ብቻ አለመኾኑን፥ የአባቱም አውድማ የሚመረመር ሀብት እንዳለበት ያስተውላል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነገ የሲሪንቃ ተመራማሪ፥ ሌላው የወልድያ መምህር፥ ሌላውም የአገሩን ዕፅዋት መብት የሚጠብቅ የሕግ ዐዋቂ ሊኾን ይችላል።

ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት ቤተ ሙከራውን ይጠግኑ፤ ሊቃውንቱ ሳይቸኵሉና ሳያጋንኑ ይመርምሩ፤ ሕግ ጠባቂዎች የገበሬውን ድርሻ ያስከብሩ፤ ገበሬውም የዘሩንና የዕውቀቱን ዋጋ ይወቅ። ይህ የኾነ እንደ ኾነ ከሮቢት ወፍጮ ቤት የሚወጣው ገለፈት በነፋስ ከመበተን ይድናል። ይህ ሳይኾን ቢቀር ግን የማሽላው ጥቅም በሌላ አገር ይጻፋል፤ በሌላ ስም ይመዘገባል፤ ዋጋ ተቈርጦለትም ወደ ዘሪው ተመልሶ ይሸጥለታል።